ያለውን መሸጥ፣ የሌለውን መቁጠር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሥራ ነው። ስለ ሥራ ማጣት አይደለም፤ እሱን ሌሎች በሚገባ ጽፈውታል። የእኔው ስለ ሥራ ስምና ስለ ሥራው ነው።

የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር የምትቆሙ ከሆነ ልብ ብላችሁት ይሆናል። ድሮ «ሻጭ ይፈለጋል» ይባል የነበረው «የሽያጭ ባለሙያ» ሆኗል። ከሱ ከፍ ሲል «የማርኬቲንግ ኦፊሰር» ይመጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደመወዙ «በስምምነት» የተባለ «የቢዝነስ ዴቨሎፕመንት ማናጀር» የሚሉት ወንበር አለ። ይሄን ወንበር ብዙ ሰው ይመኘዋል፤ ምን እንደሚሠራበት አስረዳ ቢባል ግን ግማሹ ይንተባተባል። እኔ ወንበሩን ባገኘሁ ሰሞን እናቴ «አሁን ሥራህ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የንግድ ልማት» አልኳት። «ልማት? ቀበሌ ገባህ እንዴ?» አለችና ፊቷን አጨፈገገች።

እውነቱን ለመናገር፣ ሥራውን በስሙ ያወቅሁት አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ነው። በተግባር ያየሁት ግን ገና በልጅነቴ፣ ቀፊራ ነው።

ቀፊራን ለማታውቁ እንዲህ ናት። ድሬዳዋን ደቻቱ የሚሉት አሸዋማ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሰውም አህያም ያቋርጠዋል። ከወዲህ አሮጌው የባቡር ጣቢያ፣ ቀጥ ቀጥ ያሉት መንገዶችና ጥላ የሚሰጡት ዛፎች ያሉበት ከዚራ ነው። ከወዲያ መጋላ። ቀፊራ ገበያ ያለው መጋላ ውስጥ ነው። ቅስት በሆኑት በሮቹ ገብታችሁ ሁለት እርምጃ ሳትራመዱ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ ጆሯችሁን ይቀላውጡታል። አንዷ ሻጭ በአንድ ቋንቋ ሰላም ብላ፣ በሌላው ዋጋ ተከራክራ፣ በሦስተኛው መልስ ቆጥራ ትሰጣለች። ማንም አስተርጓሚ ይጥራልኝ አይልም። «አንቱ» የሚባል ነገርም ብዙ የለም። ሽማግሌውም ሕፃኑም «አንተ» ነው፤ ፍቅሩ ግን ከአንቱታ ይበልጣል።

አክስቴ እዚያ ቅመም ትሸጥ ነበር። ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፣ ድንብላል። መደቧ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከመደቡ ስር ግን ባዶ የኒዶ ቆርቆሮ አለች። አንድ ሰው መጥቶ እሷ ዘንድ የሌለ ነገር ሲጠይቃት «የለም» ትልና አንድ ፍሬ ቆርቆሮው ውስጥ ጠብ ታደርጋለች። ስኳር ለጠየቀ ሽምብራ፣ ሻይ ቅጠል ለጠየቀ ባቄላ፣ የባትሪ ድንጋይ ለጠየቀ በቆሎ። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ቆርቆሮዋን ዘርግፋ እየለየች ትቆጥራለች። እኛ ልጆቹ ጨዋታ ይመስለን ነበር።

አንድ ጊዜ በቆሎው በዛ። ሳምንት ቆየችና ደግማ ቆጠረች፤ አሁንም በቆሎ። ጠያቂዎቹ እነማን እንደሆኑ አጣራች። ጠዋት ወተት በጀሪካን ይዘው ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ናቸው። ወተታቸውን ሸጠው አምስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ መመለስ ይፈልጋሉ። የሚሄዱበት ሰፈር መብራት የለም። የባትሪ ድንጋይ ለመግዛት ደግሞ ገበያውን ማዶ ድረስ መዞር አለባቸው። አክስቴ አንድ ካርቶን የባትሪ ድንጋይ አመጣች። ጎረቤቶቿ «ቅመም ተራ ውስጥ ባትሪ! ይቺ ሴት ፀሐይ መታት!» ብለው ሳቁ። እሷ ዝም አለች። ቆየት ብላ ደግሞ ባዶ ጀሪካናቸውን ሌላ ጉዳይ እስኪጨርሱ ድረስ በነፃ ታስቀምጥላቸው ጀመር። ጀሪካኑን ያስቀመጠች ሴት ለመውሰድ ተመልሳ መምጣቷ አይቀርም። ስትመጣ ባትሪ ትገዛለች፤ ባትሪ ስትገዛ ቁንዶ በርበሬም ታስታውሳለች። 

አክስቴ ስለዚህ ነገር ብዙ አታወራም ነበር። ስትጠየቅ የምትለው ይሄን ነው፦ «አቦ፣ ያለህን ማንም ይሸጥልሃል። የሌለህን ማን ይቆጥርልሃል?»

እንግዲህ በኋላ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ በየስልጠናው ስንት ወረቀት ሲበተንልኝ ከዚህች አባባል የሚያልፍ አላገኘሁም። ሻጭ ያለውን ይሸጣል። ንግድ የሚያሳድግ ሰው የሌለውን ይቆጥራል። ማን መጣ ሳይሆን ማን ሳይገዛ ሄደ፣ ማንስ ጭራሽ አልመጣም፣ ለምን ብሎ ይጠይቃል።

ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው ከእንዲህ ዓይነት ስሌት ነው። በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ግንባታ ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ሐረር ግን ደጋ ላይ ናት፤ ሐዲዱን ተራራ ማስወጣት ወጪው ከበደ። ስለዚህ በተራራው ግርጌ ሜዳውን ይዞ በ1895 ዓ.ም. አሁን ድሬዳዋ ያለችበት ደረሰ። ቦታው መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ያኔ አስተዋዩ ነጋዴ «እኔ የሐረር ነጋዴ ነኝ፣ ባቡሩ ወደ እኔ ይምጣ» አላለም። ቁልቁል ወርዶ ሐዲዱ ዳር ሱቅ ከፈተ። 

ታዲያ ባቡሩም በተራው አረጀ። አሮጌው መስመር ቀስ በቀስ ደከመና ቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ሆነ። ለዘመናት ባቡር ሲያፏጭ ብቻ ይሸጥ የነበረ ሰው ከባቡሩ ጋር ቆመ። ቀድሞ ሌላ መንገድ የቆጠረው ቀጠለ። ይህን የምለው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም። ሕይወቱን ሙሉ አንድ ነገር ሲሸጥ የኖረ ሰው ደንበኛው አንድ ቀን ጠዋት ሲጠፋበት ምን እንደሚሰማው አይቻለሁ። ለዚህ ነው ጉዳዩ የወንበር ስም ጉዳይ ብቻ የማይመስለኝ።

አክስቴም ተፈትናለች። ሐምሌ 29 ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ያ ደረቅ ደቻቱ ሞልቶ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙ ቤትና ንብረት ሄደ። ስንቱ ቤተሰብ እስከ ዛሬ ያን ሌሊት ሲያነሳ ድምፁ ይሰበራል። አክስቴ ነፍሷ ተረፈ፤ መደቧ፣ ቅመሟ፣ የዱቤ ደብተሯ ግን በጭቃ ገቡ። ደብተር የሌለው አበዳሪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ከሳምንታት በኋላ፣ ገበያው ነፍስ መዝራት ሲጀምር፣ ከገጠር ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ መጡ። «ይሄን ያህል አለብኝ» እያሉ ቆጥረው ሰጧት። ጀሪካናቸውን ታስቀምጥላቸው የነበሩት ናቸው። ደብተሩ ቢጠፋም እነሱ አልጠፉም። እንደገና መደብ የዘረጋችው በዚያ ብር ነው። 

እኔ መደቧን አልወረስኩም። አንድ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ በሽያጭ ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። ሳሙና፣ ብስኩት፣ ፓስታ በአይሱዙ ጭነን ሐረር፣ ጅጅጋ፣ ጭሮ እያልን በየሱቁ እንወርዳለን። በወር ኮታ አለ። ኮታው ከሞላ ኮሚሽን አለ፤ ካልሞላ ቁጣ አለ። ሽያጭ ሰው የሚንቀው ሥራ ነው፤ ግን እንደሱ ሰው የሚያስተምር ሥራ አላየሁም። «የለም፣ አልፈልግም፣ ሂድ» እየተባልክ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ማለት ትለምዳለህ። ሰው ሲዋሽህና ሲቸግረው ለይተህ ታውቃለህ። ባለሱቁ «ነገ ና» ሲልህ ነገ ማለቱ ነው ወይስ አትምጣ ማለቱ፣ ከዓይኑ ታነባለህ።

የአክስቴን ቆርቆሮ መኪና ላይ ይዤ መዞር ስለማልችል ደብተር ገዛሁ። በግራው ገጽ የሸጥኩትን፣ በቀኙ ገጽ ያልሸጥኩትንና ምክንያቱን እጽፋለሁ። ወር ሳይሞላ ቀኙ ገጽ አንድ ነገር ደጋግሞ ይነግረኝ ጀመር። ከጅጅጋ አለፍ ያሉት ትንንሽ ሱቆች ዕቃውን ጠልተውት አይደለም የማይገዙት፤ ለሙሉ ካርቶን የሚሆን ገንዘብ በአንዴ ስለሌላቸው ነው። እኛ ደግሞ ካርቶን አንፈታም። ይሄን ጽፌ ለአለቃዬ ሰጠሁ። ወረቀቱን ሳያነብ «አንተን የቀጠርንህ እንድትሸጥ ነው፣ እንድታስብ አይደለም» አለኝ። እዚያ ቤት ሁለት ዓመት ቆየሁ። ወረቀቱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደብተሩ ግን የእኔ ነበር።

ደብተሩን ይዤ ሌላ ድርጅት ለሥራ ተወዳደርኩ። ጠያቂዎቹ ስንት እንደሸጥኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ ቀኙን ገጽ አሳየኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረበ። በሽያጭ ተቀጠርኩ፤ ጎን ለጎን ግን «እስቲ ይሄን ነገር ሥራበት» ተባልኩ። ሥራው ያን ጊዜ ስም አልነበረውም፤ ተጨማሪ ደመወዝም አልነበረውም።

ችግሩን ማየት አንድ ነገር ነው፤ መፍትሔውን በብር መተመን ሌላ። ከሒሳብ ሠራተኛዋ ጎን ቁጭ ብዬ የማሸጊያ፣ የነዳጅ፣ የጫኝና አውራጅ ወጪ እንዴት እንደሚደመር ተማርኩ። ፋብሪካው ካርቶኑን ያሳንስ የሚለው የመጀመሪያ ሐሳቤ በሒሳብ ወደቀ፤ ማሸጊያው ትርፉን ይበላል። ሁለተኛው ሐሳብ የመጣው ከራሳቸው ከባለሱቆቹ ነው። በየከተማው እነሱ የሚያምኑት አንድ ጅምላ ሻጭ አለ፤ ዱቤ የሚሰጣቸውም እሱ ነው። እሱ ካርቶኑን ይፍታ፣ እኛ ደግሞ ለሱ የመክፈያ ጊዜ እንስጠው። ውል ተጻፈ። እኔም ውል ማንበብ የተማርኩት ያኔ ነው፤ እያንዳንዱ ሐረግ ነገ ማን እንደሚከፍል ነው የሚናገረው። ሥራው ሲያዝ ጊዜ ወስዷል። የመጀመሪያዎቹን ወራት በቢሮው ውስጥ «ሻይ እየጠጣ የሚከፈለው ሰውዬ» እባል ነበር። ሻጭ ውጤቱ በወሩ መጨረሻ ይታያል፤ ይሄኛው ሥራ ግን አንዳንዴ ዓመት ጠብቁኝ ይላል። ይህን መታገሥ የማይችል ሰው ኮሚሽኑ ይሻለዋል።

ነገሩ አዲስ ይመስለናል እንጂ በእኛው ምድር የቆየ ነው። ሐረር «የራምቦ ቤት» የሚባለውን ሙዚየም የጎበኛችሁ ታውቁታላችሁ፤ በስሙ የሚጠራው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። በ1873 ዓ.ም. ሐረር የገባው ግን ግጥም ሊጽፍ አልነበረም፤ ዔደን ለሚገኘው ለባርዴ የንግድ ቤት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ተቀጥሮ ነው። ቢሮው ብቻ አልቀረም። ባልደረባውን ሶቲሮን ወደ ኦጋዴን ልኮ የማይታወቀው አገር ምን እንዳለው፣ ምን እንደሚፈልግ አስጠናና ሪፖርቱን ጻፈ፤ የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1876 ዓ.ም. አሳተመው። ዛሬ «የገበያ ጥናት» የምንለው ማለት ነው። ራሱን ችሎ ሲነግድ ግን ዕድል አልቀናውም። የጦር መሣሪያ ጭኖ ወደ ሸዋ ሲነሳ ሸሪኩ ሞተበት። ብዙ ጊዜ ታጁራ ተጉላልቶ በ1879 ዓ.ም. እንጦጦ ቢደርስ፣ ንጉሥ ምኒልክ ዋጋውን ዝቅ አደረጉት፤ የሟቹ ሸሪክ ዕዳም በሱ ላይ ተቆጠረ። አዲስ ገበያ ማየት የቻለ ዓይን የሸሪክን ዕዳና የገዢን ጉልበት ካላየ ምን እንደሚያገኘው ከሱ ወዲያ ምስክር የለም።

ራምቦ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1899፣ በዚያው በባርዴ ቤት ሌላ ፈረንሳዊ ወጣት በጸሐፊነት ተቀጠረ። አንቶኒን ቤስ ይባላል። ቅጥሩን ሲጨርስ የራሱን ንግድ ጀመረ። እንደሌላው ቡናና ቆዳ ነገደ። ቆይቶ ዓለም በነዳጅ ልትሄድ መሆኑን ተመልክቶ የሼል ወኪል ሆነ፤ መርከብም አሠማራ፤ በአገራችንም ቅርንጫፎች ከፈተ። በመጨረሻ በሰጠው ገንዘብ ኦክስፎርድ ውስጥ ሴንት አንቶኒ የሚባል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፈተ። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ቅጥረኞች ናቸው። ሁለቱም የሌለውን አይተዋል። ልዩነታቸው፣ ቤስ አንዱን ሥራ ሳይለቅ ሌላውን በላዩ ይጨምር ነበር፤ ራምቦ ያለውን ሁሉ በአንድ ቅፍለት ላይ ጫነው።

ይሄን ሁሉ የማወራችሁ ዘንድሮ ጉዳዩ ስለጠነከረ ነው። የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትዎርክ ለሕዝብ መጀመሪያ የተከፈተው አዲስ አበባ አልነበረም፤ ድሬዳዋ ነው፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። በዚያው ወር የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና ተመርቋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ለአገር ልጅ ብቻ ተከልሎ የነበረውን የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ከፍቷል። የሚመጣው ሰው ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ከገንዘቡ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ቆጥሮ መምጣቱ ነው። እኛ ሱቅ ያለውን አይደለም የሚቆጥረው፤ የጎደለውን ነው። ባለሱቃችን «እኔ ሃያ ዓመት እዚህ ነኝ» ብሎ ከተቀመጠ፣ ደንበኛው ሃያ አንደኛውን ዓመት ሌላ ቦታ ሊያከብረው ይችላል።

አንድ የእህቴ ልጅ ዲግሪውን ይዞ ዓመት ከምናምን ከተንከራተተ በኋላ በሽያጭ ሥራ አገኘ። «አጎቴ፣ አራት ዓመት የተማርኩት ሳሙና ልሸጥ ነው እንዴ? ቶሎ ወደ ዴቨሎፕመንቱ የምገባበትን መንገድ አሳየኝ» አለኝ። የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ልጅ ካላችሁ ይጠቅም ይሆናል።

መጀመሪያ፣ ከሽያጩ ቶሎ አትሽሽ። እግርህ አቧራ ሳይነካ ስለ ገበያ የምትጽፈው ወረቀት የሚያምር ውሸት ነው የሚሆነው። ሁለተኛ፣ ባለሁለት ገጽ ደብተር ያዝ፤ ስልክህም ላይ ይሁን፣ ግድ የለም። ደንበኛ እምቢ ሲልህ አትቀየም፤ ምክንያቱን ጠይቀህ ጻፍ። ሦስተኛ፣ ከሒሳብ ክፍል ሰው ጋር ወዳጅ ሁን። ወጪና ትርፍ ያልተሠራለት ሐሳብ ምኞት ነው። አራተኛ፣ የምትሠራበትን አካባቢ ቋንቋ ልመድ፤ ቢያንስ ሰላምታና ቁጥር። ሰው በቋንቋው ሲቆጠርለት ይዝናናል፤ ሲዝናና የሚቸግረውን ያወራል። አምስተኛ፣ ሐሳብህን በአንድ ገጽ ጻፍ፦ ማን ነው የጎደለበት፣ ምን ያህል ያስወጣል፣ ከማን ጋር እንሥራ፣ ቢወድቅ ስንት እናጣለን። አለቃህ ባያነብልህ ቅጂውን አስቀር። እውቀቱ ካንተ ጋር ይሄዳል።

ደግሞም ነገርኩት፤ ሁሉም ሰው ሻጭነቱን መተው የለበትም። ሠላሳ ዓመት ሻጭ ሆኖ የኖረ፣ ስሙ ከከተማ ከተማ የሚጠራ፣ ልጆቹን በኮሚሽኑ ያስተማረ ሰው አውቃለሁ። ከሱ ያነሰ ወንበር ላይ ነው ብዬ አላስብም። በሌላ በኩል የማናጀር ወንበር አግኝተው ገበያ ከረገጡ ዓመታት ያለፋቸው አሉ። ደመወዛቸው አድጓል፤ ሥራቸው ማደጉን ግን እጠራጠራለሁ።

ልጁ ያሰበው አጭር መንገድ ስላልነበረ ትንሽ ቅር አለው። «እሺ፣ ደብተሩን እገዛለሁ» አለኝ። ከገዛ ይበቃኛል።

እናንተም ሱቅ ያላችሁ፣ ቢሮ ያላችሁ፣ ጉልትም የዘረጋችሁ፣ ዛሬ ስንት ሰው «የለም» ብላችሁ መለሳችሁ? የሸጣችሁትን ማታ ትቆጥሩታላችሁ፤ እሱ ልማድ ነው። ይሄንኛውንም አብራችሁ ቁጠሩት። ቆርቆሮ አይጠፋም።

ቸር እንሰንብት።